ሩዝ የምታክል ቆዳ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ማለዳ
መብራት የለም። በረዶው ቀልጧል። የክትባት ሳጥኗን ከጤ/ጣቢያችን ለምኜ አመጣሁ፣ አሁን ደግሞ በረዶ ከለስላሳ ሻጩ ልለምን ነው። ወረታ ውስጥ ያልለመንኩት ሰው አልቀረም፣ ደብተሬ።

ይሄ ሁሉ ለውዴ ነው። የታላቅ እህቴ የእናኑ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቷ። ፀጉሯ አልቋል፣ ቆዳዋ ሳስቷል፣ ጉልበቷን እንደ ባልቴት ይይዛታል። ያለዕድሜ የሚያስረጅ በሽታ፤ ፕሮጀሪያ ይሉታል። ዛሬ ዶ/ሩ ከባ/ዳር መጥቶ ከክንዷ ሩዝ የምታክል ቆዳ ይወስዳል። ባሕር ማዶ ትላካለች። እዚያ ሕዋሶቿን ወደ ጨቅላነታቸው መልሰው ስቴም ሴል ያደርጓቸዋል። ከዚያ የደም ሥር አድርገው ያሳድጓቸውና እንዴት እንደሚያረጁ ቁጭ ብለው ያያሉ። ለእናኑ ይህንኑ ሦስት ጊዜ አስረዳሁ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሦስቴም መድኃኒቱ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። በሦስተኛው ቶሎ ይመጣል አልኳት። ደክሞኛል።

10 ሰዓት
ተወሰደ። ውዴ አላለቀሰችም። የጫማው ክር እንደተፈታ ለዶ/ሩ ነገረችው። ለማነጻጸሪያ የእናትየዋም ቆዳ ይፈለግ ነበር። እናኑ እኔ ምን ሆንኩና ብላ እምቢ። የውዴ ቆዳ ብልቃጥ ውስጥ ናት፣ ብልቃጡ ሳጥኑ ውስጥ፣ ሳጥኑ እኔ ቤት። ነገ ጠዋት በመኪና ወደ ባ/ዳር ትሄዳለች። እናትና ልጅም እዚሁ ያድራሉ። እናኑ ቆዳዋ የት አገር እንደምትላክ ጠየቀች፣ ነገርኳት። እህል አልቀምስም አለች። አሁን ምን አጠፋሁ?

ኅዳር 4፣ ረቡዕ
ሳጥኑን መናኸሪያ የሚያደርስ ባጃጅ ፍለጋ ወጥቼ ስመለስ እናኑ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ውዴን አዝላ ቆማለች። ሩዙ ሳይታጨድ ረገፈ ብላ ወደ አገሯ። ቁርስ እንኳ አልበላችም። አመስጋኝ እህት ነው የሰጠኝ! ሳጥኑን ለባ/ዳሩ መኪና ሾፌር ሰጠሁ። ተገላገልኩ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ
አልተገላገልኩም። ዶ/ሩ ደወለ። ብልቃጡ ደርሷል፣ ፈሳሹ አለ፣ ቆዳዋ የለችም። ሾፌሩን ጠረጠርኩ። ሾፌር ቆዳ ምን ይሠራለታል? ከዚያ ያቺ ባጃጅ ፍለጋ የወጣሁባት ሩብ ሰዓት ትዝ አለችኝ። ነገ እናኑ ዘንድ እሄዳለሁ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ
ሄድኩ። እናኑ አጨዳ ላይ ናት። አልካደችም። ማጭዷን ጥላ፣ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ። የውዴ እትብት የተቀበረው ጌሾው ሥር ነው። ቆዳዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አምጥታ እዚያው ቀብራታለች። ከሰው ገላ የወጣ ነገር ሜዳ አይጣልም፣ እንኳን ባሕር ማዶ፤ በትንሣኤ ቀን ልጄ ገላዋን ፍለጋ አገር ላገር ትዙር ወይ አለችኝ።

ጮህኩባት። ስንት ሰው ደጅ ጠንቼ፣ መጨረሻው ጌሾ ሥር! አስጨረሰችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፦ «ቆዳዋን መልሰው ጨቅላ ማድረግ ከቻሉ፣ እሷን ለምን አይመልሱልኝም?»

ቶሎ ይመጣል ያልኩት እኔ ነኝ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ ራሴን ስሰድብ መጣሁ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ
የንስሐ አባቷ ዘንድ ወሰድኳት። እንዲገሥጹልኝ ነበር። እሷን አልተቆጧትም። የሰማዕታት ዐፅም በየአገሩ ተበትኖ የለም ወይ፣ የሚሰበስበው ጌታ አንዲት ቁራጭ አትጠፋውም አሏት። ደስ አለኝ። ወዲያው ወደኔ ዞረው፣ መድኃኒቱ ለዚች ልጅ ይደርስላታል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ካህን ፊት እንዴት ልዋሽ? አይደርስላትም ይሆናል፣ ገና ላልተወለደ ልጅ ነው አልኩ። እናኑ አጠገቤ ቆማ። እስከ ቤቷ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። አበቃ፣ ደብተሬ። ሁለተኛ አልጠይቃትም።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት
ጤ/ጣቢያ ስደርስ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ውዴ ጀርባዋ ላይ። መድኃኒት እንደሌለው ድሮም አውቄያለሁ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትዋሺ ጆሮሽን ትነኪያለሽ አለችኝ። ታዲያ ለምን ሦስት ጊዜ ታስለፈልፈኛለች! አንድ ቀን እውነቱን እንድነግራት ኖሯል። አለቀስኩ፣ ታካሚ ሁሉ እያየኝ።

ሌላዋ እናት እንደኔ እንዳትሆን ይውሰዱ አለች። ውዴን ራሷን ጠየቅኳት። ሌላኛው ክንዴ ይሁን፣ ይሄኛው ያሳክከኛል አለች። እናኑ የራሷንም እጅጌ ሰበሰበች፤ ከእኔም ውሰዱ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሁለቱ በአንድ ሳጥን ይሂዱ። ልጄ ብቻዋን ባሕር አትሻገርም።

ለዶ/ሩ ደወልኩ። ሁለት ብልቃጥ፣ አንድ ሳጥን አልኩት። ደንቡ ለየብቻ ነው ሊለኝ ጀመረ። አላስጨረስኩትም።