አሥራ ስምንት ሜትር

ውድ አባዬ፣

በየእሑዱ ስደውልልህ «ደህና ነሽ?» ትለኛለህ፤ «ደህና ነኝ» እልሃለሁ። ስለ ዝናቡ ትጠይቀኛለህ፤ ጥሎ እንደሆነ ጥሏል፣ አባርቶ እንደሆነ አባርቷል እልሃለሁ። ከዚያ ስልኩን ለአክስቴ ትሰጣታለህ። ስድስት ዓመት ሙሉ የተነጋገርነው ይህንኑ ነው። የአሁኑን ነገር ግን በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም። ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ድምፅህን ስሰማ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመርኩ። ደብዳቤ ይሻላል፤ መሐል ላይ ለአክስቴ አታቀብለውም።

ወኔዬ ሳይከዳኝ ዋናውን ላስቀድም። ያን ጊዜ የነገርኩህ ቁጥር ስህተት ነበር።

አሁን ከመነሻው ልንገርህ። የምታውቀውንም እደግመዋለሁ፤ እኔ በየት በኩል እንዳየሁት አታውቅምና።

እማዬ ስታርፍ አራት ዓመቴ ነበር። እኔን የሚይዝልህ ሰው ባጣህ ቀን አውቶቡስህ ውስጥ ከመቀመጫህ ጀርባ ታቆመኝና «ብረቱን ያዢ፣ ጉልበትሽን ላላ አድርጊ» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ብረቱን ሳልይዝ ፍሬን ያዝክና ተወርውሬ ግንባሬ አበጠ። እብጠቱን እያሸህልኝ፣ «አየሽ፣ አውቶቡሱ ቆመ፤ አንቺ ግን መቆሙን ገና አልሰማሽም ነበር» አልከኝ። ብዙ ዓመት ቆይቶ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ሰሌዳው ላይ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚያስቆመው ኃይል እስካላገኘ ድረስ መንቀሳቀሱን ይቀጥላል ብሎ ጻፈ። ክፍሉ ሁሉ እየገለበጠ ሲጽፍ እኔ ግንባሬን ዳሰስኩ። የፊዚክስ አስተማሪ የሆንኩት ያን ቀን ነው። ይህንንም ነግሬህ አላውቅም።

ባልደረቦችህ «ኤሊው» ይሉህ ነበር። «ኤሊው አውቶቡስ ላይ ጎረምሳ ሆኖ የተሳፈረ ሽበት አውጥቶ ይወርዳል» እያሉ ሲሳሳቁ አንተም አብረህ ትስቅና «የቸኮለ በእግሩ ይሂድ» ትላቸው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲያ ነዳህ። ከዚያ ያ ጠዋት መጣ።

ትልቁን ዳገት ወርደህ፣ በግንባታ ላይ የነበረው ሕንፃ ጋ ስትደርስ፣ ጋሪ የሚገፋ ሰው ከቅያሱ ድንገት ብቅ አለ። ፍሬኑን ረገጥክ። ሰውየውም ጋሪውም ተረፉ። ከተሳፋሪዎቹ መሐል ቆማ የነበረችው ልብስ ሰፊ ግን ወደ ፊት ተወረወረችና ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ። ለልብስ ሰፊ ቀኝ እጅ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይስተውም። ሦስት ቀን እህል አልቀመስክም።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው የጠየቀህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በስንት ትነዳ ነበር? የመንገዱ ወሰን አርባ ነው። የፍጥነት መቁጠሪያው ከተበላሸ ወራት አልፎት ነበር፤ አንተም ደጋግመህ አመልክተሃል። «ከአርባ አልበለጥኩም» ስትላቸው «በምን አወቅክ?» አሉህ። «በጆሮዬ፤ ሞተሩ ሲያወራ እሰማዋለሁ» አልካቸው። ሳቁብህ። አንተ ግን አልተቆጣህም። «ልጄ የፊዚክስ አስተማሪ ናት። ጎማው አስፋልቱ ላይ የተወውን ምልክት ለክታ እሷ የምትለውን ጻፉ» ብለህ ወጣህ። ይህን ስትነግረኝ የፊትህ ኩራት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ምስክር ፈልገህ እኔን መረጥክ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሜትር ተውሼ ሄድኩ። ተንበርክኬ ጥቁሩን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁት። አሥራ ስምንት ሜትር። ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ሦስቴም አሥራ ስምንት። ጉልበቴን አራግፌ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ስሌቱን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምረዋለሁ። ጎማው መዞሩን ካቆመ በኋላ አውቶቡሱን የሚያስቆመው ሰበቃ ነው፤ ጎማና አስፋልት ሲፋተጉ አንዱ ሌላውን የሚይዝበት ኃይል። የመያዙ አቅም ከታወቀ፣ የተንሸራተተበት ርዝመት ፍጥነቱን ይናገራል። ክብደት ለውጥ አያመጣም፤ ከባዱን አውቶቡስ ማቆም ከባድ ነው፣ መንገዱም በዚያው ልክ አጥብቆ ይይዘዋል። የመማሪያ መጽሐፉን ገለጥኩ። ለጎማና ለደረቅ አስፋልት ዜሮ ነጥብ ሰባት ይላል። ያንን አስገብቼ ሳሰላ በሰዓት ሃምሳ ሰባት ኪሎ ሜትር መጣ። በአርባ ብትነዳ ኖሮ ዘጠኝ ሜትር ላይ ትቆም ነበር።

አንተ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመህ ትጠብቀኝ ነበር።

«ስንት ሆነ?»

«ሃምሳ ሰባት።»

በቀስታ፣ «አርባ ነበር፣ ልጄ» አልክ።

«ሰው ይሳሳታል፣ አባዬ። ቁጥር አይሳሳትም።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ያሳደገኝን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነው ያልኩት። አንተ እጅህን አገላብጠህ አየኸው፤ የሌላ ሰው እጅ ያየህ ይመስል ነበር። «እንግዲህ አንቺ ከለካሽው…» ብለህ ሳትጨርሰው ወደ መኝታህ ገባህ።

በማግስቱ «ከተፈቀደው በላይ ነድቻለሁ» ብለህ ፈረምክ። ከመሪው አንስተው መለዋወጫ መጋዘን አስገቡህ። ጡረታህ ሊደርስ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በአራተኛው ወር ተውከው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሥራው አይደለም። አጎቴ «መኪናዬን እስቲ ወደ ጥላው ጠጋ አድርግልኝ» ብሎ ቁልፉን ሲሰጥህ መለስክለት። «ጆሮዬ ከድቶኛል፣ እግሬም ይዋሸኛል። ሰው ሳልጨርስ ይቅርብኝ» አልከው። ከወዲያኛው ክፍል ሆኜ ሰማሁ። አልወጣሁም። የተማሪዎች ወረቀት ላይ አቀርቅሬ ቀረሁ። ከዚያ «የእህቴ አገር አየር ይስማማኛል» ብለህ ሄድክ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ቤቱ ሰፋ። ሁለት ክፍል ቤት እንዴት ይሰፋል ብለህ እንዳትስቅብኝ። ከሥራ ስመለስ በሩን ከፍቼ «መጣሁ» እላለሁ፤ አፌ ለምዶት ነው። ድስቶቻችን ሁሉ ለሁለት ሰው የተገዙ ናቸው፤ አንድ ቀን የሠራሁትን ሦስት ቀን እበላዋለሁ። ሬዲዮውን የምከፍተው ለወሬው ሳይሆን የሰው ድምፅ እንዲኖር ነው። አልጋህ እንደተነጠፈ ነው። የፈተና ወረቀት በየክፍሉ እየለየሁ እደረድርበታለሁ፤ አርሜ ስጨርስ አነሣና አንሶላውን አስተካክላለሁ። አንዳንድ ቅዳሜ ሱቅ ወርጄ ባለሱቁን «ሰላም ዋልክ?» እስክለው ድረስ ቀኑን ሙሉ ቃል እንዳልተነፈስኩ ትዝ ይለኛል።

ከሦስት ወር በፊት ያንን መንገድ እንደገና ሊያነጥፉት መጡ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ቀያሽ በሦስት እግር መቆሚያ ላይ ባለ መነጽር መንገዱን ሲያይ አገኘሁት። ቸኩዬ የምደርስበት ስለሌለኝ ቆምኩ። ሜዳ መንገድ ላይ ምን እንደሚለካ ጠየቅኩት።

«ሜዳ ይመስላል እንጂ ሜዳ አይደለም» አለኝ። «በመቶ ሜትር ስድስት ሜትር ይወርዳል። ከላይ ያለው ዳገት ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ከሱ ሲወርዱ ይሄኛው ሜዳ መስሎ ይታያል። ሁሉም ሰው ይሸወዳል።»

የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ቁልቁለት ላይ መሬቱ ራሱ አውቶቡሱን ወደ ታች ይስበዋል፤ ፍሬኑ ከፍጥነቱም ከመሬቱም ጋር ነው የሚታገለው። እኔ ያሰላሁት ለሜዳ ነበር። ቀያሹ ያመመኝ መስሎት ውሃ አቀበለኝ። አመስግኜው ስነሣ ቀሚሴን አራገፍኩ። ደቃቅ አሸዋ ነበር። ያኔ ሌላው ነገር ብልጭ አለልኝ። ምልክቱን የለካሁ ቀንም ተንበርክኬ ስነሣ ጉልበቴን አራግፌያለሁ፤ ለሕንፃው አሸዋ ያራገፉ መኪኖች መንገዱን ሁሉ አልብሰውት ነበር። አሸዋው ጉልበቴ ላይ እያለ መጽሐፉን አመንኩ።

በነጋታው ጎሚስታው ጋ ሄጄ የአሮጌ አውቶቡስ ጎማ ቁራጭ ለመንኩት። ከቤተ ሙከራችን የስፕሪንግ ሚዛን አውጥቼ መዘንኩት፤ አርባ ኒውተን። የትምህርት ቤቱን አስፋልት ግቢ በግንበኛ ውሃ ልክ ፈትሼ፣ ሜዳ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ቁራጩን በሚዛኑ እየጎተትኩ አነበብኩ። ንጹሕ አስፋልት ላይ ሃያ ስምንት ኒውተን ፈለገ፤ ለአርባ ሲካፈል ዜሮ ነጥብ ሰባት፣ የመጽሐፉ ቁጥር ልክ ነው። አሸዋ በተንኩበት። አሥራ ስምንት ብቻ ፈለገ። ከአርባ ጊዜ በላይ ጎተትኩት። ጎሚስታው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ አይቶኝ «መምህር፣ ጎማው ምን አጥፍቶ ነው እንዲህ የሚጎትቱት?» አለኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩት። ቀልድ መስሎት እየሳቀ ሄደ።

ቁልቁለቱንና አሸዋውን አስገብቼ እንደገና አሰላሁ። አርባ ሁለት መጣ። አሁን ግን በአንድ ቁጥር አላቆምኩም። ጎማው አንዴ ጠበቅ አንዴ ላላ ይላል፤ አሸዋውም አንድ ቦታ ወፍራም፣ አንድ ቦታ ስስ ነው። ያንን ሁሉ ብደምረው፣ ከሠላሳ ስምንት እስከ አርባ ስድስት ባለው መሐል የትኛውም ሊሆን ይችላል። በመሐላቸው የትኛው እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም። አንተ ግን ተናግረህ ነበር።

ተማሪዎቼን በየዓመቱ በመጀመሪያው ሳምንት የማስተምራቸው ይህንን ነው። ማንኛውም ልኬት የስህተት መጠን አለው፤ መጠኑን ያልጻፈ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል። ስንቱን ልጅ ቀንሼበታለሁ። ለአባቴ ስለካ ግን አንድ ቁጥር ብቻ ይዤ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ።

ልብስ ሰፊዋንም ፈልጌ አገኘኋት። ጣቶቿ ሙሉ በሙሉ ባይታጠፉም መስፋቷን አልተወችም። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ወንበር ጠርጋ ሰጠችኝ። ለኮሚቴው እሷም ቃሏን ሰጥታ እንደነበር ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

«ቀስ ብለው ነበር የሚነዱት፤ ቦርሳዬን ልከፍት ብረቱን የለቀቅኩት እኔ ነኝ አልኳቸው» አለችኝ። «‹አንቺ የፍጥነት መለኪያ አይደለሽም፣ ዝም በይ› አሉኝ።»

ከዚያ እጇ በጄሶ ታስሮ በከረመበት ጊዜ በሳምንት ሁለት ቀን እየሄድክ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባላት እንደነበር ነገረችኝ። መነጽርህን ግንባርህ ላይ ረስተህ፣ ክሩን እየሳትክ፣ መርፌውን ስትገስጽ እሷ በሳቅ ትሞት እንደነበር ነገረችኝ። አባዬ፣ በእነዚያ ቀኖች ከሰዓት በኋላ እኔን ሽሽት የምትወጣ ይመስለኝ ነበር። የት እንደምትሄድ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩህም።

ከእሷ ቤት ወጥቼ በቀጥታ መሥሪያ ቤትህ ሄድኩ። ሰዎቹ ተለውጠዋል። ጸሐፊዋ መዝገቡ ተዘግቷል ብላ መለሰችኝ። በሳምንቱ ሄድኩ፤ ባለጉዳዩ ራሱ ይምጣ አሉኝ። ባለጉዳዩ እኔ ነኝ፣ ስህተቱ የኔ ነው አልኳቸው። በሦስተኛው የቀያሹን ልኬት፣ የጎማውን ንባብና የልብስ ሰፊዋን ፊርማ ይዤ ገባሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አንድ በአንድ አስረጂኝ ብሎ ከሰማኝ በኋላ፣ «ያኔ ራስሽ ነሽ ሃምሳ ሰባት ያልሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎን አልኩት። ወረቀቱን ተቀበለኝ።

ባለፈው ሐሙስ መልሱን ሰጡኝ። አንድ ገጽ ነው፤ ማኅተም አለበት። የፍጥነት ጥፋቱ በቂ ማስረጃ የሌለው ሆኖ ስለተገኘ ከማኅደርህ ተሰርዟል ይላል። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም፤ ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈልጌዋለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ይቅርታው ከኔ ይሁን። ይቅር በለኝ፣ አባዬ። ወዲያው ባይሆንልህ አልቀየምህም፤ እኔም ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ትምህርት ይዘጋል፤ በዘጋ ማግስት ወደ አንተ እነሣለሁ። አንድ ነገር ልለምንህ። ያን ጊዜ መንገዱን ጠየቅኩ፣ መጽሐፉን ጠየቅኩ፤ አንተን ግን አልጠየቅኩህም። ስመጣ የዚያን ቀን ጠዋት ከቤት ከወጣህበት ጀምረህ ንገረኝ፤ ሞተሩ ምን ሲል እንደነበር፣ ጋሪውን መጀመሪያ የት ላይ እንዳየኸው፣ ከዚያም በኋላ ያለውን ሁሉ። ወረቀትና እርሳስ አልይዝም። ዝም ብዬ እሰማሃለሁ።

ልጅህ