በቤታችን በኩል የሚያልፍ ልጅ

ይድረስ ለልጄ፤

ቁጣዬ ከአባትነቴ ቀድሞ ብዕሩን እንዳይነጥቀኝ አስቀድሜ ጤንነትህን እጠይቃለሁ፤ ያለህበት የባዕድ አገር የባሕር ጠረፍ ነፋስ እንደ ተስማማህ፣ እንቅልፍህም እንደ ልማድህ ከባድ እንደ ሆነ አምናለሁ። እኔ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና፣ በሁለት እግሬ ቆሜያለሁ፤ የቀረበልኝን እበላለሁ፣ በመነጽር አነባለሁ፣ ደረጃውንም ማንም ሳይደግፈኝ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ዝርዝር ወድጄ አይደለም፤ ስለ ገዛ ጤንነቴ ማስረጃ እንዳቀርብ ያስገደደኝን ነገር ወደ ታች ታገኘዋለህ። እህትህ ደኅና ናት፤ ጠዋት ወደ ሥራዋ ሳትሄድ፣ ማታም ስትመለስ ብቅ ትላለች። እናትህ ሰላም ብላሃለች።

ሰላምታው በዚህ ይብቃና ወደ ክሱ ልግባ። ሰሞኑን ደውለህ፣ "አባዬ፣ ቪፒኤኑ ዛሬም እየተንፏቀቀ ነው! ስብሰባ መሀል አፌን እንደ ከፈትኩ ደርቄ ቀረሁ፣ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፤ ኧረ እባክህ አንድ ነገር አድርግ!" ብለህ የጮህክብኝን ጩኸት፣ ዕድሜዬን ሙሉ በዳኝነት ወንበር ላይ ተቀምጬ ባለጉዳይም ሆነ ጠበቃ ድምፁን ከፍ ሊያደርግብኝ ያልደፈረ እኔ፣ ጉልበቴን መሬት አስነክቼ፣ በአንድ እጄ ስልክ በሌላው ገመድ ይዤ፣ ከመደርደሪያው ሥር አጎንብሼ እንደ ተቀበልኩት ይታወቅልኝ።

ይህን ቪፒኤን የምትለውን የሚያሠራውን ሳጥን ሳሎናችን ውስጥ ትተኸው ስትሄድ፣ "ምንም አይደለችም አባዬ፣ ትንሽ ሰርቨር ናት፤ መንገድ ላይ ስሆን ሥራዬ በቤታችን ኢንተርኔት በኩል እንዲያልፍ ነው" ብለኸኝ ነበር። የልጄ ዕቃ ነው ብዬ ከሕግ መጻሕፍቴ ጎን ቦታ ለቀቅሁለት። አንተ በየትኛውም አገር ብትንፈላሰስ፣ መሥሪያ ቤትህ ሲመለከትህ ከእኛው ወንበር ላይ የተቀመጥክ አስመስሎ የሚያሳይህ መሆኑን ግን የነገረኝ አልነበረም፤ ቢነገረኝ ኖሮ ለምን እንደሚያስፈልግህ መጠየቄ አይቀርም ነበርና፣ ሳትነግረኝ የቀረኸው አውቀህ ነው።

አጥፍተህ አብራው አልከኝ፤ አጠፋሁት፣ አበራሁት። በዋይፋይ ስለሆነ ነው የሚዘገየው፣ ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኘው አልከኝ፤ እህትህ አዲስ ገመድ ይዛ መጣች፣ አገናኘነው። የመስመር ሠራተኛ ጥራ አልከኝ፤ ጠራሁ። ሰውየው ሳጥኑን ዳሰስ ቢያደርገው እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበ፤ ለካስ ሬዲዮም ሆነ ስልክ ራቁቱን ተቀምጦ ማየት የማይሆንላት እናትህ፣ አንተ የሄድክ ሰሞን፣ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል እስከ ታች ድረስ አልብሳው ኖሮ፣ መተንፈሻው ሁሉ ተደፍኖ እንደ ካውያ ግሏል። "ኧረ አባባ፣ ይሄ እኮ አይበርደውም!" ብሎ እስኪበቃው ሳቀ። ዳንቴሉን ስገፍፈው እናትህ ካለችበት ክፍል ሆና፣ "የልጄን ዕቃ ምን እያደረጋችሁት ነው?" አለች። አየር አጥሮት ነው አልናት። "እሱም እንደ እኔ?" አለች። ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ቀናት ፍጥነቱ ተመለሰልህ፤ የደከምንበት ዋጋም "አሁን አሪፍ ነው፣ ቻው" የምትል ቃል ብቻ ሆነች።

ደግሞ መንቀርፈፍ ሲጀምር እህትህ ፍጥነቱን ለክታ ምክንያቱን ደረሰችበት። "አባዬ፣ ወደ ቤት የሚገባው ሰፊ ነው፣ ከቤት የሚወጣው ግን ጠባብ ነው፤ እሱ ጋ የሚደርሰው ደግሞ ከእኛ የሚወጣው ነው" ብላ አስረዳችኝ። ያንን ጠባብ መውጫ ከሰርቨርህ ጋር የሚሻማ አንድ ካሜራ አለ፤ እህትህ ከሥራ ቦታዋ ሆና ቤቱን የምታይበት ነው። አንተ ይህን በሰማህ ጊዜ፣ "ካሜራ? ደግሞ ለየትኛው ንብረት ነው? ለዚያ ስፖንጁ ለወጣ ሶፋ ዘበኛ አቆማችሁለት? በሥራ ሰዓቴ አጥፉልኝ!" ብለህ አሾፍክ። አላጠፋም አለችህ። እንግዲያው የምስሉን ጥራት ቀንሱት አልክ፤ እሱንም አደረግንልህ። በማግስቱ ቀትር ላይ እህትህ ሥራዋን ጥላ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳትይዝ፣ እያለከለከች ከበሩ ደረሰች፤ ምስሉ ደብዝዞባት የብርድ ልብሱን ከፍና ዝቅ ማለት መለየት አቅቷት ነበር። ጥራቱን ወዲያው መለስነው፤ አንተም ወዲያው ደወልክና ወቀስከን።

ይህ ሁሉ ግን አላስቆጣኝም ነበር፤ የልጅ ጭቅጭቅ ነው ብዬ ባለፍኩት ነበር። ያስቆጣኝ የአለቃህ ስልክ ነው።

ድንገት ብትፈለግ ብለህ በሰጠኸው የቤታችን ቁጥር ደወለ፤ ድምፁ የጨዋ ሰው ድምፅ ነው። "አባባ፣ እንኳን ለመነጋገር በቁ፤ እንዴት ነው፣ ሕመሙ ቀለል አለልዎት?" አለኝ። የምን ሕመም እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ እንዳልሰማ አለፈኝና፣ "ልጅዎ ከራስጌዎ ሳይለይ እንደሚያስታምምዎት እናውቃለን፤ እንዲህ ያለ ልጅ ስላለዎት እግዜርን ያመስግኑ፤ ከአገር ወጥቶ መሥራት ደንባችን ፈጽሞ አይፈቅድም፣ ከቤት እንዲሠራ የፈቀድንለትም ስለ እርስዎ ስንል ነው" አለ። እኔም፣ ስንቱን የሐሰት ምስክር ከችሎት ያስወጣሁት ሰው፣ የስልኩን እጀታ ይዤ፣ እውነቱን ብናገር ልጄን ከእንጀራው ማፈናቀሌ፣ ባልናገር ደግሞ በገዛ ቤቴ የሐሰት ምስክር መሆኔ እየታየኝ፣ ምላሴ ታስሮ ቀረ። ዝምታዬን ከድካም ቆጠረውና፣ "በሉ ይረፉ አባባ፣ አላደክምዎት" ብሎ ዘጋው።

ለመሆኑ በየትኛው አልጋ ላይ ነው ያስተኛኸኝ? የትኛውን አጥንቴን መርጠህ ነው ያሳመምከው? አንተ በአሸዋ ላይ ጫማህን አውልቀህ ስትንሸራሸር፣ እኔ በመሥሪያ ቤትህ አፍ ላይ ስቃትት መክረሜን ሳስብ፣ ውሸት ከነገሩኝ ሰዎች ሁሉ የከፋኸው አንተ ሆንክብኝ፤ እነሱ ከፊቴ ቆመው ነበርና የዋሹት። "አስታምማለሁ" የሚለውን ቃል እንዲህ በቀላሉ ከአፍህ ያወጣኸው ምን እንደ ሆነ ስለማታውቀው ነው። ማስታመም ማለት ሰውን ከጀርባው አቅፎ ቀና ማድረግ ነው፤ ውሃ በማንኪያ ማጠጣት ነው፤ ወንበር ላይ አንገት ጠምዝዞ ማንቀላፋት ነው። በሰርቨር በኩል አይሆንም።

አንድ ቀን፣ ስለ ፍጥነቱ ተነጋግረን ስናበቃ፣ "እናቴስ? ምነው ስልክ አታነሳም?" ብለህ ነበር። እህትህ ተኝታለች አለችህ፤ በዚህ ቤት ከተነገሩት ነገሮች ሁሉ ፍጹም እውነት የሆነው እሱ ነው። ካሜራው የሚመለከተው ሶፋውን አይደለም፤ አንድ አልጋ ነው። የማን እንደ ሆነ እንዳልነግርህ ቃል አስገብታኛለች፤ "ልጄ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ አደራህን" ብላ እጄን ይዛ ለምናኛለችና ቃሌን እጠብቃለሁ፤ ይኸው ስሙን አልጻፍኩልህም።

ዛሬ ጠዋት ግን ሰርቨርህን ከሶኬቱ ነቅዬዋለሁ። ከእሱና ከካሜራው አንዱ እንዲኖር መፍረድ ሲኖርብኝ፣ ፍርዱን ለመስጠት ጊዜ አልፈጀብኝም። ካሜራው አሁን ሳይቆራረጥ ያሳያል። መሥሪያ ቤትህ ያለህበትን አገር ቢያውቅብህ መልሱ የአንተ ነው፤ አለቃህ እንደገና ቢደውልም፣ በዚህ ቤት የታመመ ሰው በእርግጥ እንዳለ፣ ያ ሰው ግን እኔ እንዳልሆንኩ፣ ልጄም ገና እንዳልደረሰ እነግረዋለሁ።

ይህችን ወረቀት እህትህ ፎቶ አንሥታ ትልክልሃለች፤ በስልክ ያልነገርኩህ ድምፄ ግድግዳ አልፎ ስለሚሰማ ነው። የምትነሣበትን ቀን ስትወስን ለእሷ አሳውቃት እንጂ ወደ ቤት አትደውል፤ ስልኩ ሲጮህ ያቺ የተኛችው እሱ ነው ብላ ለመነሣት ትታገላለችና።

ፈጣሪ መንገዱን ያሳጥርልህ፤ ደጃፋችንን ሳትዘገይ እንድትረግጥ ያብቃህ፤ ለሚጠብቅህም ሰው እስትንፋስ ይጨምርልህ።

የተቆጣብህ
አባትህ