ጣውንቴን ከጨው ውስጥ አወጣኋት

ሰይድዬ፣ አሰላሙ አለይኩም።

ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። በየሶላቴ ጀነትን እለምንልሃለሁ። ነፋሻ ቦታ ይስጥህ ብዬም እጨምራለሁ፤ የሙቀት ድርሻህን እዚሁ ሰመራ ጨርሰኸው ነው የሄድከው። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፤ ምላሴ ግን እንደምታውቀው ነው። ልጃችን ሐያት ሥራዋን ይዛ ለእናቷ ምክር መስጠት ከጀመረች ሰነበተች። የጎረቤታችን የሁመድ ፍየሎች ተራብተው አጥራችንን እየበሉት ነው። የግቢውን በር ሰማያዊ አስቀባሁት። አንተ ብትኖር አረንጓዴ ይሁን ብለህ ትከራከረኝ ነበር፤ የሚከራከረኝ ሰው ማጣት እንዲህ እንደሚያሳዝን አላውቅም ነበር።

የተቀመጥኩት ግን የበሩን ቀለም ልነግርህ አይደለም። ጣውንቴ ተነስታለች!

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበው በላዬ ላይ ያገባህ ይመስለዋል። አላገባሃትም፤ በእጅህ ሠራሃት እንጂ። ሳጥኗን ከአሮጌ ፍሪጅ ቆርቆሮ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመውን ትራንስፎርመሯን ከምናለሽ ተራ፣ መሃሏ ላይ ደግሞ የሊትር ጠርሙስ የምታህል፣ እንደ አምፖል የምትበራ የብርጭቆ ቫልቭ። ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር የምታወራባት ትንሿ ሬዲዮህ የምትሰጣትን ቀጭን ድምፅ ተቀብላ፣ አወፍራ፣ ወደ ሰማይ የምትለቅ አምፕሊፋየር። "ያለ እሷ ድምፄ እዚሁ ሎጊያ ደርሶ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል" ትል ነበር።

አዋሽ ሳለን፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ሬዲዮና ማራገቢያ ትጠግን በነበረበት ጊዜ፣ እሷን ስትሠራ ሁለት ዓመት ፈጀህ። እኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ሥራህን ጨርሰህ ትገባለህ፣ እጅህን ትታጠባለህ፣ ወደ እሷ ትሄዳለህ። ጣውንት ብዬ ስም ያወጣሁላት ያኔ ነው። አንተ ግን አንድ ቀን እንኳን አላመንክልኝም። "የብረት ሳጥን ናት እኮ፣ ምኗ ያስቀናሻል?" ትለኛለህ፤ ይህን እያልክ አቧራዋን በንጹሕ ሻሽ ትወለውላታለህ። ሻሹ የእኔ ነበር።

ወደ ሰመራ የተዛወርንበት ቀንማ አይረሳም። ሳጥኗ ከዕቃው ጋር ተጫነች። ቫልቯን ግን በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልለህ ጋቢና ውስጥ እኔ ጭን ላይ አስቀመጥካት፤ የስድስት ወሯን ሐያትን ለሹፌሩ ረዳት አስታቀፍከው። ብርድ ልብሱ የሐያት ነበር። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር "ዘሀራ፣ ቀስ!" ትለኛለህ፣ መሪውን የያዝኩት እኔ ይመስል። ልጄ በባዕድ ትከሻ ላይ እየሳቀች፣ እኔ ብርጭቆ እሹሩሩ እያልኩ ሰመራ ገባን። ያን ቀን ሦስት ቀን የሚበቃ ኩርፊያ አኩርፌህ ነበር። ዛሬ ሳስታውሰው ብቻዬን እስቃለሁ።

እዚህ ከመጣን በኋላ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። በዚህ ሙቀት ፍሪጅ የሚመስል ነገር ያየ እንግዳ ሁሉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ በሯን ሊከፍት ይነሳል። ውስጧ ያለው ሦስት ሺህ ቮልት ነው! ደንግጠህ በሯ ሲከፈት ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠምክላት። ላይዋ ላይም በአማርኛ፣ በአፋርኛና በዐረብኛ "ውሃ የለም" ብለህ ጻፍክ። ጽሑፉ አሁንም አለ።

አሁን ጥፋቴን ልንገርህ፤ አስቀድመህ አውፍ በለኝ። ከሄድክ በኋላ ክፍልህ መግባት አቃተኝ። ባዶነቱም አስጨነቀኝ። ከአፍዴራ ጨው የሚያመጣ ነጋዴ ማስቀመጫ ሲፈልግ፣ ቢያንስ ክፍሉ ይሙላ ብዬ እሺ አልኩት። ጨው አይነቅዝ፣ አይሸት፣ ምን ይጎዳል? ስንት ዓመት አጠገብህ ባትሪ ይዤ ሳበራልህ የኖርኩ ሴት፣ ኩንታል በኩንታል ላይ ጣውንቴ አጠገብ አስደረደርኩ። ለባዕድ ሴት እንኳን እንዲህ አይደረግም።

ነጋዴው ጨዉን ያነሳበት ቀን ጁምዓ ነበር። ከመግሪብ በኋላ ክፍሉን ልጠርግ ገባሁና ትንሿን ሬዲዮ ከፈትኳት። ለምን እዋሽሃለሁ፣ የምትሠራ ከሆነ ልሸጣት ነበር ሐሳቤ። መጀመሪያ ሹሹታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የሰው ድምፅ መጣ። የአንተን የጥሪ ስም ይጠራል፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ደግሞ ይጠራል። ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩ።

ፓውሎ ነበር። የብራዚሉ ከብት አርቢ፣ ጁምዓ ጁምዓ የምታወራው ወዳጅህ። ይህን ሁሉ ጊዜ ማንም አልነገረውም።

ሐያትን ጠራኋት። የሬዲዮ ፈቃድ ያላት እሷ ናት፤ አንተው ነህ አስጠንተህ ያስፈተንካት። በትንሿ ሬዲዮ ደጋግማ መለሰችለት። የሆነ ነገር እንደሰማ ያስታውቃል፤ "ማነው? ድገመው" ይላል፤ ከዚያ ድምፃችን በጫጫታው ይዋጣል። ተስፋ ቆርጣ "እማ፣ አድራሻውን በስልኬ ፈልጌ እጽፍለታለሁ" አለችኝ። ሁመድ በባትሪ ብርሃን አጥሩን እየጠገነ ነበርና ሰማን። ራሱን ነቀነቀ። "ሞት እኮ ዳጉ ነው" አለ። "ዳጉ ደግሞ ከአፍ ለጆሮ ነው።"

እሱው አይደል ያስተማረህ? አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ተቀምጦ ዳጉ ሳይለዋወጥ አያልፍም። ዝናቡን፣ ከብቱን፣ መንገዱን፣ ጤናውን በየተራ ይጠያየቃል፤ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል። አንተ ይህን ይዘህ ሬዲዮ ላይ ወጣህ። ሌሎቹ "ድምፅህ ጥሩ ነው፣ ደህና ሁን" ተባብለው ሲለያዩ፣ አንተ "ቆይ እንጂ፣ ዝናቡስ?" ትላለህ። ፓውሎ ከብት ያለው ሰው ነውና ወዲያው ገባው። በየጁምዓው ስምህን እየጠራ ዝናቡን ሊጠይቅህ ለሚጠብቅ ሰው፣ ሞትህን በጽሑፍ መላክ ነውር መሰለኝ። በጆሮው እንዲሰማው ደግሞ ጣውንቴ መነሳት ነበረባት።

እናትና ልጅ ችኩሎች ነን፣ በማግስቱ በቀጥታ አበራናት። ጧ! ሰማያዊ እሳት ውስጧ ብልጭ አለና ቤቱ ሁሉ ጨለመ። ሐያት ገመዱን ነቀለች፣ በሯን ከፈተች፣ የሳጥኗን መለኪያ አየች። መርፌው ዜሮ ላይ ነው። "ባዶ ናት" ብላ እጇን ልትሰድ ስትል እጇን በጥፊ መታሁት። "የአባትሽ ዱላ የታለ?"

ያቺ ጫፏ ላይ መዳብ የተጠመጠመባት፣ በሽቦ ከመሬት ጋር የታሰረች ዱላ። አንተ ጣውንቴን በእሷ ሳትነካካ፣ ኤሌክትሪክ በልብህ እንዳያልፍም አንድ እጅህን ኪስህ ሳትከት ውስጧ ገብተህ አታውቅም። እኔን፣ ቀሚሴ ኪስ ስለሌለው፣ አንድ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርጊ ትለኝ ነበር፤ ያየን ሁሉ የምንጣላ ይመስለዋል። ቢስሚላህ ብዬ አንድ እጄን ወገቤ ላይ አደረግኩና ዱላዋን አስጠጋሁ። ጧ! ሐያት የቆመችበት ላይ ቁጭ አለች። ለካ መርፌው በጨው ዝጎ ዜሮ ላይ ተጣብቋል፤ የቀረውን ኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ የሚያፈሰው ሬዚስተርም ተበልቷል። ካፓሲተሮቹ ያን ሁሉ ጉልበት እንደያዙ ተቀምጠው ነበር። ልጅህን ያተረፈቻት ያንተ ዱላ ናት፣ ሰይድዬ። ያን ቀን ሁለት ረከዓ ሰግጄ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ሐያት አትመክረኝም፤ ትጠይቀኛለች።

ከዚያ በኋላ በደንብ ተያያዝነው። ከሎጊያ ጋራዦች ጨዉን ማጠቢያ ንጹሕ የባትሪ ውሃ አስመጣሁ። ከፋርማሲ አልኮል ገዛሁ። ፋርማሲስቱ አንዴ ሒጃቤን፣ አንዴ ሦስቱን ጠርሙስ እያየ ቀረ። "ለጣውንቴ ነው" አልኩት። አሁን ባየኝ ቁጥር ስለ ጣውንቴ ጤና ይጠይቀኛል። ጨው የጋገረባቸውን የሸክላ መቆሚያዎች አንድ በአንድ በጥርስ ብሩሽ ፈተግን። ማራገቢያዋን ፈትተን አቧራዋን አራገፍን፤ የተጣበቀውን መርፌም አላቀቅን። ሬዚስተሩን ከመሳቢያህ አገኘነው፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ በእጅህ "ለክፉ ቀን" ተብሎበት። ስንት ነገር አስበህልን ነው የሄድከው!

በዚህ ጊዜ አልቸኮልንም። "ጾሞ የዋለ ሰው ወጥ ላይ አይወድቅም፤ መጀመሪያ ቴምር" ትል አልነበር? ቴምሯን አቀመስናት። መስመሩ መሃል አምፖል አስገብተን ኤሌክትሪኩን ቀስ እያልን ለቀቅንላት። በማግስቱ የቫልቯን ክር ብቻ አብርተን ከጠዋት እስከ ዐሥር ሰዓት አዋልናት። ያ ብርቱካን የመሰለ ብርሃን ብርጭቆዋ ውስጥ ሲሞላ፣ እኔና ልጅህ ተቃቅፈን ዘለልን። ሙሉውን ቮልት ስንሰጣት ያ ጧ አልተደገመም።

ጁምዓ ደረሰ። መግሪብ ሰገድን። ሐያት መርፌውን እያየች፣ እኔ ደግሞ የትራንስፎርመሯን እምምታ እየሰማሁ ሁለቱን ማዞሪያዎች አስተካከልን። ያን እምምታ ከግድግዳ ወዲያ ሆኜ ስረግመው የኖርኩት ነው፤ ሲደክማትና ሲደላት ከማንም በላይ አውቃለሁ። ፓውሎ ስምህን ጠራ። ሐያት መለሰች። "ሰማሁሽ! እንደ ድሮው ነው የሰማሁሽ!" አለ፣ እየጮኸ።

ወዲያው ሁመድ ሳያንኳኳ ገባ። አንተ ስታወራ የእሱ ቤት አምፖል ከድምፅህ ጋር ብልጭ ድርግም ይል አልነበር? "አምፖሌ ጠቀሰኝ" አለና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

ማይኩን ሐያት ለእኔ ሰጠችኝና ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎመችልኝ አወራሁ። ፓውሎ የዳጉን ተራ አልሳተም። ዝናቡስ? የክረምቱ ዝናብ፣ ካርማው፣ ዘንቧል አልኩት። ከብቱስ? የሁመድ ፍየሎች አጥሬን ጨረሱት። መንገዱስ? የጅቡቲ መኪና እንደወትሮው ነው። ጤናስ? ሰይድ ሞቷል አልኩት። ሁለት ረመዳን አልፎታል። ሕመሙ አጭር ነበር። ቤቱ ውስጥ፣ እጁ በእጄ ውስጥ እንዳለ ነው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ፓውሎ በተሰበረ ድምፅ አጽናናኝ፤ ዱዓ የሚመስል ነገርም አለ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ። ሐያት አልተረጉምም ብላ አፏን ይዛ ቀረች። ስቆጣት ተናገረች። "የምታወራኝ የትኛዋ ሚስቱ ናት? ይላል።"

ሰይድ! ለእኔ ስትክደኝ ኖረህ ለብራዚል ነግረኸዋል! "ሁለት ሚስቶች አሉኝ። የኋለኛዋ ብትሰበር ቫልቭ ይገኝላታል፤ የፊተኛዋ ግን መለዋወጫ የላትም" ትለው ነበር አሉ።

ማይኩ በእጄ እንዳለ፣ አዝራሩን እንደተጫንኩ፣ ከሆዴ ሳቅኩ። ሁመድም ሳቀ። ፓውሎ ምን አለ መሰለህ? "ይህን ሳቅ አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት ከሰይድ ድምፅ ኋላ ስሰማው ነበር።"

እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዘመን ጣውንቴ አንተን የምትወስድብኝ ነበር የሚመስለኝ። ለካ እኔንም ይዛኝ ስትሄድ ነው የኖረችው።

እንግዲህ ስምህ ከዚህ ቤት አይጠፋም። ጁምዓ ጁምዓ ከመግሪብ በኋላ ቴምሯን አቀምሳታለሁ፤ ሐያት ማዞሪያዎቹን ትይዛለች፤ ዝናቡን እንጠይቃለን፣ አንተንም እናነሳሃለን። ዱላህ ቦታዋ ላይ ተሰቅላለች። ጨው እዚህ ቤት ከወጥ ውጭ አይገባም። አቧራዋንም በየሳምንቱ እወለውላለሁ።

ሻሽ ገዝቼላታለሁ። የራሷን።

የፊተኛዋ፣
ዘሀራ