መጀመሪያ የምታጣውን ተናገር

ወዳጄ፣

እዚህ በእንግድነት ባለሁበት አገር፣ ከተማውን በነጻ የሚያማክሩ ነዋሪዎች ስብሰባ ገብቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ ዕቅድ ሐሳብ የሚያመጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ የሚያጣውን መናገር አለበት። አንድ የቤት ዕቃ ነጋዴ ተነሳና፣ «እኔ ግማሽ ደንበኛዬን አጣለሁ። ሱቄ ፊት ያለው መንገድ ለመኪና ይዘጋና ዛፍ ይተከልበት» አለ። ሚስቱ አጠገቡ ጉንጯን ይዛ፣ «እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ድምፅ ሲሰጥ ግን ከሁሉም ቀድማ እጇን ያወጣችው እሷ ናት። እኛ ሰፈር ቢሆን የጎረቤትን ሱቅ ነበር የምናዘጋው።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። ለመኪና ማቆሚያ ብዬ ቁረጥልኝ ያልኩህን የግቢዬን ዛፍ ተወው። እኔም የማጣውን ልናገር፤ መኪናዬ ውጭ ታድራለች።