ስለ ተቆረጠው የመወጣጫ ሽቦ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ፕሬስተን ዊትኮምብ
የመኪና ፋብሪካው የጋራንቲ ጉዳዮች መምሪያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ጤናዎ፣ በተለይም ጉልበትዎና ወገብዎ እንደምን አሉ? ጉልበትዎን ለይቼ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደረጃን ያለ ሐሳብ የሚወጣ ሰው የታደለ ሰው ነውና እንደዚያው እንዲያኖርዎ እመኛለሁ። እኛ እዚህ ሰሜን ዳኮታ፣ ከኖርድቪክ መንደር አሥራ አንድ ማይል ወጣ ብለን የምንኖር፣ እኔ ዴልማር ትቬትና ባለቤቴ አርዲስ፣ ከነፋሱና ከመሥሪያ ቤትዎ በቀር የሚያስቸግረን የለም፣ ተመስገን።

ይህን ደብዳቤ በወረዳችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ የማወጣው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ለቢሮዎ አራት ጊዜ ጽፌ አራቱንም ጊዜ ጉዳዬ «በመታየት ላይ» መሆኑን የሚገልጽ ያማረ ወረቀት ስለ ደረሰኝ፣ ምናልባት ከብዙ ሰው ጋር ሆነው ቢያዩት ቶሎ ይታይዎት ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ስል ከሥሩ ልጀምር። የአርዲስ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ደሟ በሳምንት ሦስት ቀን በማሽን መታጠብ ነበረበት፣ ማሽኑ ያለው ደግሞ ከቤታችን ሃምሳ ስምንት ማይል ርቆ ነው። መንገዳችን ጠጠር ስለሆነና ከኅዳር እስከ መጋቢት በረዶ ስለሚከመርበት ትንሽ መኪና አይደፍረውም፤ ስለዚህ የእናንተን ትልቁን ፒክአፕ ገዛን። ጎበዝ መኪና ነው፣ አይካድም። ወለሉ ግን እስከ አርዲስ ወገብ ይደርሳል፣ እሷም ዳሌዋ ሁለት ጊዜ የተቀየረ የሰባ አምስት ዓመት ሴት ናት። እኔም በሰባ ስምንት ዓመቴ፣ የቀኝ ትከሻዬ ጅማት ከተበጠሰ ወዲህ የዱቄት ከረጢት እንኳ አላነሣም። ስለዚህ በሩ ሲከፈት በሞተር የሚወርድ፣ ሲዘጋ የሚታጠፍ መወጣጫ አስገጠምን።

መወጣጫው የሚታዘዘው በበሩ መቆለፊያ ውስጥ ላለች አንዲት ትንሽ መቆጣጠሪያ ነው። እዚህ አገር ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲገባ ያቺ መቆጣጠሪያ በረዶ ይይዛትና በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ተዘግቷል ብላ ታምናለች። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ አርዲስ አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ እንዳሳረፈች ከሥሯ ታጠፈባት። የወደቀችው እኔ ላይ ስለሆነ ተረፈች፤ በረዶው ላይ ተጋድመን ሰማይ ሰማዩን እያየን ብዙ ሳቅን። በልቤ ግን ፈርቼ ነበር፣ ከዚህ በኋላ ይህን መወጣጫ በር ሳይሆን ሰው ማዘዝ አለበት አልኩ።

አርባ ዓመት ሙሉ ለገጠር መብራት ሽቦ ስዘረጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። እናንተ ራሳችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከሾፌሩ ራስ በላይ ስድስት ትርፍ ማብሪያዎች ሠርታችሁ፣ ሽቦዎቻቸውን ጠቅልላችሁ ከዳሽቦርዱ ሥር አስቀምጣችሁ፣ በመመሪያው መጽሐፍ ላይም ባለቤቱ ለሚጨምረው ዕቃ መሆናቸውን ጽፋችኋል። እኔም ሞኙ አንብቤ አመንኩ። የሞተሩ ኃይል በቀጥታ ከባትሪው፣ በራሱ ቫልቮላ በኩል እንዲመጣ አደረግሁ፤ ሦስተኛዋ ማብሪያ የምታዘው የሞተሩን ኃይል የሚከፍቱና የሚዘጉ ሪሌዎችን ብቻ ስለሆነ የእናንተ ሽቦ ላይ የሚወድቅ ሸክም አልነበረም። ስጫናት መወጣጫው ይወርዳል፣ እስካጠፋት ድረስ ንቅንቅ አይልም። አርዲስ እንዳልሳሳት ብላ በጥፍር ቀለሟ ቀይ ነጥብ አደረገችባት። አንድ ዓመት ከሁለት ወር አንድም ቀን ሳንቀር ሄድን።

አሁን ወደ ምስጋናዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፣ ለደኅንነታችን ስለ ማሰባችሁ። በመጋቢት ወር የወንበር ቀበቶው ብሎን ሊላላ ስለሚችል በነጻ እናጥብቅላችሁ ብላችሁ ጠራችሁን፣ እኛም ሄድን። ብሎኑን አጠበቃችሁ። በዚያው እጃችሁ፣ በእርስዎ መምሪያ ትእዛዝ፣ የእኔን ሽቦ «ያልተፈቀደ ለውጥ» ብላችሁ ከሥሩ ቆረጣችሁት፣ ስድስቱንም ማብሪያዎች በኮምፒውተር ዘጋችኋቸው፣ መኪናውንም አጥባችሁ መለሳችሁልን። ቀበቶው አሁን እጅግ አስተማማኝ ነው፤ ወንበሩ ላይ መድረስ የቻለ ሰው ከተገኘ አጥብቆ ይይዘዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ አርቆ አስተዋይነታችሁ። ሽቦውን ብቻ ብትቆርጡት ኖሮ በአንድ ከሰዓት እቀጥለው እንደ ነበር አውቃችኋል። ተስፋ ሳልቆርጥ ከሱቅ ሌላ ማብሪያ ገዝቼ ገጠምኩ። ያደሳችሁት የመኪናው ኮምፒውተር ግን የማያውቀው ዕቃ ከባትሪው ኃይል ሲስብ ባየ ቁጥር መኪናው በሰዓት ከሃያ ማይል በላይ እንዳይሄድ ያደርገዋል። አንድ ቀን እንደዚያው ተጎተትን። ሦስት ሰዓት ፈጅተን ስንደርስ የአርዲስን ተራ ሌላ በሽተኛ ይዞት ነበርና ደሟ ሳይታጠብ ተመለስን። ማብሪያዬን በገዛ እጄ ነቀልኩት።

ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፣ ጥፋቱ የእኔም ነውና። ከመምሪያዎ አንዲት ትሑት ወይዘሪት ደወለችልኝና «ይህ ነገር በኑሮዎ ላይ ከባድ ችግር ፈጥሮብዎታል? ከሆነ ለልዩ ፈቃድ ላቅርብልዎት» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እኛ በዚህ አገር ያለን ሰዎች ሰው ቤት ሄደን ኬክ ሲቀርብልን ሁለት ጊዜ «ይቅር፣ አትቸገሩ» ሳንል አንነካም፤ የምንቀበለው በሦስተኛው ነው፣ ባለቤትየውም ይህን ስለሚያውቅ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። እናቴ አንጀቷ ታጥፎ «ትንሽ ተሰምቶኛል» እያለች የሞተች ሴት ናት። እኔም የእሷ ልጅ ነኝና «ኧረ ብዙም አልከፋንም፣ አትቸገሪ» አልኩና ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅሁ። ወይዘሪቷ በመስማቷ ደስ እንዳላት ነግራኝ፣ መልካም ቀን ተመኝታልኝ ዘጋችው። መዝገባችሁም ላይ «ደንበኛው ችግር የለብኝም ብለዋል፤ ልዩ ፈቃድ አልፈለጉም» ተብሎ ሰፈረ። ከዚያ ወዲህ ብጽፍ ብደውል ያችን መስመር የሚያነሣት ጠፋ። ይሉኝታ ክፉ ነው። እናንተ ይሉኝታ የሚባል ነገር ስለሌለባችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፣ ቁጥሩን ልተወውና እንዲሁ ልንገርዎ። ጎረቤታችን ማይረን ለመርገጫ የሚሆን የእንጨት ሣጥን ሠርቶ አመጣልን። ሣጥኑ በረዶው ላይ ተንሸራተተና አርዲስ የእጇን አንጓ ተሰበረች። ከዚያ ማይረን ራሱ ከሁለት ጎልማሳ ልጆቹ ጋር እየመጣ እንደ ሙሽራ ተሸክመው ያስገቧት ጀመር። ብዙ ሳምንት እንዲህ ሆነ። ከዚያ የዘር ወቅት ደረሰ። እዚህ ምድሩ በረዶውን ለቆ ስንዴ የሚዘራበት ጊዜ አጭር ነው፣ ያለፈው አለፈ ነው። አርዲስ ሦስቱ ሰዎች ትራክተራቸውን አቁመው ግቢያችን ውስጥ ቆመው ሲጠብቋት በመስኮት ታያቸዋለች። አንድ ቀን ለማይረን ደውላ በሽተኛ የሚያመላልሰው የወረዳው መኪና ሊወስዳት እንደተስማማ ነገረችው። የወረዳው መኪና የሚያልፈው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው፣ ሾፌሩም ሰው ተሸክሞ አያስገባም። አርባ ዓመት ሕፃናትን አትዋሹ እያለች ያስተማረች ሴት ዋሸች። ማይረን እንደ ወጋችን ሦስት ጊዜ ጠየቃት፣ ሦስት ጊዜም አይሆንም አለችው። ሦስተኛው እምቢታ እኛ ዘንድ አይጠየቅም።

እኔ ተቆጣሁ፣ ለመንኳት፣ ለማይረን እውነቱን እነግረዋለሁ ብዬ አስፈራራኋት። እጄን ይዛ «ዴልማር፣ እኔን መኪና ላይ ለማውጣት አራት ወንድ ሥራ መፍታት የለበትም። ደክሞኛል። በቃኝ» አለችኝ። ሃምሳ አንድ ዓመት በትዳር ስንኖር በቃኝ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ጓዳ ገብቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ማሽኑን ካቆመች ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። ሐኪሙ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ቀን ብሎናል፤ አያማትም ብሏል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። ለማይረን ነገርኩት። ወዲያው መጣ፣ ባርኔጣውን አውልቆ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ፣ እወስድሻለሁ ቢላትም በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተኝታለች። የእናንተ መምሪያ ደግሞ ትናንት በደረሰን ወረቀት ይግባኛችን በአርባ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ እንደሚያገኝ አስታውቆናል። እባክዎ አይጣደፉ፣ ሥራ ሲጣደፉበት ይበላሻል፤ ሠራተኞችዎም ምሳቸውን ተረጋግተው ይብሉ።

ለፋብሪካዎ ብዙ መኪና መሸጥን፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ሲያረጁም የሚያነሣዎት ሰው እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ የተበጠሰው ትከሻዬ በፈቀደልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ
ዴልማር ትቬት

ከፊርማ በኋላ የታሰበ፦ መኪናው የተመዘገበው በአርዲስ ስም ስለሆነ ደብዳቤያችሁ ሁሉ የሚመጣው ለእሷ ተብሎ ነው። አርባ አምስተኛው የሥራ ቀን ሐምሌ ውስጥ ይውላል። እንግዲህ ብትፈቅዱም ባትፈቅዱም፣ ፖስታው ላይ የእኔን ስም ጻፉበት። ደብዳቤ የምታደርስልን ጆሊን ፊደል የቆጠረችው አርዲስ ዘንድ ነው፣ ያን ጊዜ የአስተማሪዋን ስም በእጇ ይዛ እስከ በራችን እንድትመጣ አልፈልግም።