ያስተካከልኳቸው ከረጢቶች

ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ መልካሳ

እዚህ ለመጻፍ እንኳ አፍሬያለሁ። የሐዊን የቦሎቄ ከረጢቶች ነካክቻለሁ።

ሐዊ ከአዳማ የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሦስት ዓይነት ቦሎቄ፣ እያንዳንዱን አራት አራት ቦታ ዘርታ የትኛው የበለጠ ምርት እንደሚሰጥ ታወዳድራለች። እኔ በቀን ሥራ እየለቀምኩና እየፈለፈልኩ የየቦታውን ለየብቻ ከረጢት ውስጥ እከታለሁ። ትናንት የቀዩ ቦሎቄ ሦስተኛ ከረጢት ሙሉ፣ አራተኛው ጎዶሎ ሆነብኝ። ሰነፍ እንዳልባል ከሙሉው ሁለት ጣሳ ቀድቼ ጎዶሎው ላይ ጨመርኩ።

ዛሬ ምሳ ላይ እንደምንም ደፍሬ፣ "አንዱን ዘር ለምን አራት ቦታ ዘራሽው?" አልኳት።

"ውይ፣ አንቺ ለካ አፍ አለሽ!" ብላ ሳቀች። "አንዱ ዘር ራሱ ከቦታ ቦታ ምን ያህል እንደሚለያይ ካላየሁ፣ ቀዩ ከነጩ የበለጠው እውነት ይሁን አጋጣሚ በምን አውቃለሁ? ደግሞ ጠይቂኝ፣ እሺ?"

እኔ ያጠፋሁት ያንኑ ልዩነት ነው።

ደግነቱ ከረጢቶቹ ገና አልተመዘኑም። ሁለት ጣሳ መሆኑንም በደንብ አስታውሳለሁ። ሐዊ ብትቆጣም የምትሰማኝ ይመስለኛል።

ነገ ሚዛኑ ሳይመጣ የቀዳሁበትን ጣሳ ይዤ እሄድና እነግራታለሁ።