የሙቀቱ መርፌ መሃል ላይ ነበር

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ታላቅ ወንድሜ ለቶኩማ፣

ከአምቦ እስከ ጎዴ መንገዱ ቢረዝምም የጌታ ሰላም ካለህበት ደርሶ ቤትህ ይግባ። እንደምን ከርመሃል? የጎዴ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ናኦሚስ ወገቧን ተሻላት? ትንሿ ሃዊ ጥርስ አወጣች ወይስ ገና ናት? የጤና ጣቢያው ሥራ እንዳይጎዳህ፤ ለበሽተኛው ስትል የራስህን ምሳ እንዳትረሳ። እዚህ ክረምቱ ጠንክሯል፤ ጭቃው ባጃጁን ሁሉ አስቁሞታል።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ ትለኝ ይሆናል። እንደምታውቀው ከእማዬ ጋር የምኖረው አጎታችን ኦቦ ጉርሙ ግቢ ነው፤ የምሠራውም እዚያው ባለው ጋራዣቸው። ክፍሌን ከሳሎናቸው የሚለየው ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው፤ በስልክ የምልህን ሁሉ ይሰማሉ። ሰው አጣምሞ ሳይነግርህ ከእኔ እንድታነበው ብዬ ነው።

የአጎታችንን አሮጌ ኮሮላ ታስታውሰዋለህ። ሚያዝያ ላይ መሪው ፊት ያለው የጌጅ ሰሌዳ ጨርሶ ሞተ፤ ፍጥነት አያሳይ፣ ነዳጅ አያሳይ፣ መብራቱም አይበራ። አጎታችን ከተገለበጠ አዲስ ሞዴል መኪና ላይ የተነቀለ ሰሌዳ ይዘው መጡና «ጃለኔ፣ ይህን ግጠሚልኝ» አሉኝ። ሶኬቱ ከአሮጌው ጋር አይገናኝም። ሦስት ቀን ሙሉ መሪው ሥር ተጋድሜ ገመዱን አንድ በአንድ በቴስተር እየፈለግኩ፣ እየቆረጥኩና እየቀጠልኩ አገናኘሁት። ቁልፉን ሳዞረው ሰሌዳው ቦግ ሲል እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከቴክኒክና ሙያ ከተመረቅኩ ወዲህ እንደዚያ ቀን በእጄ ኮርቼ አላውቅም።

ሁለት ነገር ግን ቀረ። አሮጌው ሰሌዳ ሦስት መቶ ዘጠና ሺህ ኪሎ ሜትር ይል ነበር፤ አዲሱ ዘጠና ሁለት ሺህ ይላል። ሌላው የሙቀቱ መርፌ ነው። ከአሮጌው ሞተር ጋር ስለማይግባባ፣ ሞተሩ ቢቀዘቅዝም ቢግልም መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሙቀት የሚለካውን ዕቃ ከአዲስ አበባ ካላስመጣን መርፌው ይዋሻል ብዬ ለአጎታችን ነገርኳቸው። «ተዪው፣ መሃል ላይ መቆሙ ምን ይከፋል? ለገዢም ደስ ይላል» አሉኝ። መኪናው ሊሸጥ መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ገዢው መምህር ተሻለ ሆኑ፤ አንተንም እኔንም ሂሳብ ያስተማሩን። ባለቤታቸውን አዴ ኡርጌን እግራቸው ከከዳቸው ዓመት አልፏል፤ መኪናውን የፈለጉት ቤተ ክርስቲያንና ሐኪም ቤት ሊያመላልሷቸው ነው። ሰሌዳውን ጎንበስ ብለው አዩና «ብዙም አልተነዳም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ስለ መኪና አላውቅም። ልግዛው ትያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አጎታችን ከጀርባቸው ቆመው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እማዬ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። አባታችን ካረፈ ጀምሮ የበላነው፣ የተማርንበት፣ የምንተኛበት ሁሉ የማን እንደሆነ በአንድ አፍታ መጣብኝ። «ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። ይኸው ነው ያልኩት።

ሰኔ መግቢያ ላይ ባልና ሚስቱ ከጉደር አልፈው ወደ ጌዶ የሚወስደውን ዳገት ሲወጡ ሞተሩ ግሎ ግሎ ነከሰና ቀጥ አለ። ዶፍ ይወርድ ነበር። መምህር በዚያ ዕድሜያቸው ባለቤታቸውን በጀርባቸው አዝለው አንድ ገበሬ ቤት አደረሱ። አዴ ኡርጌ ብርዱ ሳንባቸውን መቷቸው ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ፤ አሁን ወጥተዋል፣ ጌታ ይመስገን።

እሳቸው ከሆስፒታል እንደወጡ መኪናው ተጎትቶ ወደ እኛው ጋራዥ መጣ። መምህር ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ጠየቁን፣ ወንድሜ! «ደህና መኪና ሰጥታችሁኝ አበላሸሁት። መርፌውን ግን እያየሁ ነበር፤ መሃል ላይ ነበር» አሉ። አጎታችን «የዕድሜ ነገር ነው፣ ሳያስተውሉ ቀርተው ይሆናል» ብለው አጽናኗቸው።

ሦስት ቀን ምን ላድርግ ስል ቆየሁ። እማዬን ባማክራት «ወንድሜ ነው፤ ብትናገሪ እኔ የት እገባለሁ?» ብላ አለቀሰች። በአራተኛው ቀን መምህር ቤት ሄድኩ። ስለ ኪሎ ሜትሩም ስለ መርፌውም፣ በእሳቸውም በአዴ ኡርጌም ፊት፣ ሳላስቀር ተናገርኩ። መምህር «ሳልገዛው ጠይቄሽ ነበር እኮ» አሉኝ። ያች ቃል ከስድብ ሁሉ ትከብዳለች።

ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ነገሩን ሊዳኙ ተቀመጡ። አጎታችን «የሳተችው ልጅቷ ናት» አሉ። እኔም «አዎ ስቻለሁ፤ ግን አውቄ ነው፣ እሳቸውም ያውቃሉ» አልኩ። አጎታችን መኪናውን ወስደው የመምህርን ገንዘብ እንዲመልሱ ተፈረደ፤ መለሱም።

አጎታችን ከግቢ አላስወጡኝም። ቢያስወጡኝ ይቀለኝ ነበር። እህቱን ሜዳ ላይ ጣለ እንዳይባሉ ነው፤ ግን አያናግሩኝም። ጠዋት የሚሠራውን መኪና ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጥለው ይሄዳሉ። ሌላ ጋራዥ ጌዶ ድረስ ጠየቅኩ፤ የአጎቷን ገመና ያወጣች ብለው የሚቀጥረኝ ጠፋ። እማዬን ወደ ቶኩማ እንሂድ ስላት፣ በስተርጅና የወንድሜን ቤት ጥዬ የትም አልሄድም ትላለች። እሷን ትቼ እንዴት እወጣለሁ? መምህርን ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ፤ ሰላም ይሉኛል፣ ልጄ ግን አይሉኝም።

ና አልልህም፤ ሥራህንም መንገዱንም አውቃለሁ። ለአጎታችን ግን ደውልላቸው። አንተን ይሰማሉ። «እህቴን ያናግሯት» በላቸው፤ ሌላ አልጠይቅህም።

ናኦሚን እቀፍልኝ፤ የሃዊን ሁለቱንም ጉንጭ ሳምልኝ። የአጎታችን ባለቤት አዴ ጉዴ ሰላም ብለውሃል፤ ተደብቀው ራቴን የሚያስቀምጡልኝ እሳቸው ናቸው። ከአጎታችን ሰላምታ አልላክኩልህም፤ መጠየቅ አልቻልኩም። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣለች። ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን እያየች «ይህን ሁሉ ምን ጻፍሽለት? ሁላችንም ደህና ነን በይው» አለችኝ። እስክጽፈው እየጠበቀች ነው።

ሁላችንም ደህና ነን።

እህትህ ጃለኔ
አምቦ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2014 ዓ.ም.